ስህተት የሌለበት ወረቀት

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11 ቀን

ለትልቋ ልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጽሑፌ ተንቀጠቀጠ ብለሽ አትጨነቂ፣ የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ሆኖ ነው።

የጻፍኩልሽ በታናሽሽ ጉዳይ ነው። ይህቺ ልጅ አንድ ነገር ደብቃኛለች። ሆቴላችን አንቺ ውጭ አገር ወደምትሠሪበት ሆቴል አንድ ሠራተኛ ሊልክ ነው፤ የሚመርጠው ያንቺ አለቃ ነው። የሚፈልግ ሁሉ ስለ እንግሊዝኛ ችሎታው በእንግሊዝኛ ጽፎ ይስጥ ተባለ። እኔ ላውንደሪ ቆሜ ልብስ እየተኮስኩ በልቤ ሻንጣዋን ሸክፌ ጨርሻለሁ። እሷ ግን ስጠይቃት ዓይኔን አታይም። «ሰጥቻለሁ እማ፣ ግን ሌሎቹ ይሻላሉ» ትላለች። ማን ነው የሚሻለው? እንግዳ ተቆጥቶ የሚያስረዳው ሲጠፋ፣ አንሶላ ከምታነጥፍበት አራተኛ ፎቅ የምትጠራው እሷ አይደለች? ነገሩ አልጥመኝ አለ።

ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን የሚሰበስበው እንግዳ ተቀባይ ዘንድ ሄድኩ፣ የተኮስኩለትን ሸሚዝ አመካኝቼ። የልጄን ወደ አማርኛ እየመለስክ አንብብልኝ አልኩት። እንዲህ ይላል፦ «አስተናጋጇ ከእኔ በተሻለ ትናገራለች። ወጥ ሠሪው ከእኔ የበለጠ ያነባል። ዘበኛው እንኳ ከእኔ በላይ ይሰማል።» ዘበኛው! የሚያውቃት «ዌልካም» ብቻ ናት፤ እሷንም የሚላት ለሚሄድ እንግዳ ነው።

«እማማ፣ ገጹን ሙሉ አልችልም ትላለች፣ እንግሊዝኛዋ ግን አንድ ስህተት የለበትም» አለኝ እየሳቀ። «እኔ ራሴ እንዲህ አልጽፍም።»

ያኔ ገባኝ። ባለፈው ወር ካውያው ከእጄ ሲወድቅ አይታለች። ከዚያ ወዲህ ውኃ ስቀዳ ብርጭቆውን ትቀበለኛለች፣ የሸሚዜን ቁልፍ ትቆልፍልኛለች። ለእኔ ብላ ልትቀር ነው። ተናደድኩ፣ አለቀስኩም። አንቺንም እጠረጥርሻለሁ፤ ባለፈው ስትደውይ ስልኩን ይዛ ደጅ የወጣችው ምን ልትልሽ ነው?

ወረቀቱን ለምኜ ተቀብዬዋለሁ። ነገ ወደዚያ የሚመለስ እንግዳ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያደርስልሻል። ከሌሎቹ ጋር ቢሄድ አለቃሽ የምትለውን አምኖ ይጥላት ነበር፤ አንቺ ግን እንዴት አድርጋ እንደጻፈችው አሳዪው። እሷ ስለ እኔ ብትጠይቅሽ፣ እማ ከድሮው ተሽሏታል በያት።

ታናሽሽ አሁን ገባች። ደብዳቤውን በክንዴ ሸፈንኩት። ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው እግር ሥር ካርቶን ሰካችበትና ነቅነቅ አድርጋ አየችው። ጠረጴዛው ጸንቷል። እሷ ግን አሁንም እጄን እያየች ቆማለች፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ላቁም።

የያዝሽው ሁሉ ይቃናልሽ፣ ክፉ አይንካሽ።

እናትሽ