ሠላሳ አንድ ሴንቲ ሜትር ከሁለት

ውድ አያቴ፣ አባባ፣

መጀመሪያ መነጽርዎን ያድርጉ። በሕይወት ሳሉ «ሽማግሌ ያስመስለኛል» እያሉ በኪስዎ ይዘውት ይዞሩ ነበር፤ በሰማንያ ዓመትዎ! እዚያ የሚታዘብዎት የለም። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዲያነብልዎ አልፈልግም።

ያን ምሽት ያስታውሱታል። ከቹሶክ የመከር በዓል በኋላ ሁለተኛው ቅዳሜ ነበር። ከሐይቁ ዳር ያለው ሩዝ ታጭዶ አልቋል፣ ነፋሱ ቀዝቅዟል፣ ውሃው ጸጥ ብሏል። ጸጥ ያላሉት እርስዎ ብቻ ነበሩ። «ዝም በይ፣ ዓሣ ይሰማል» ይሉኝና ራስዎ እንደ አሮጌ ትራክተር ጉሮሮዎን ይጠርጋሉ። የማጥመጃውን ሊጥ ሲያቦኩ ደግሞ እጅዎን ወደ ጆሮዬ ሰደዱ።

«አባባ ደግሞ! ይሸታል እኮ!»

«አርፈሽ ቁሚ። ሊጡ ልክ እንደ ጆሮ ጫፍ መለስለስ አለበት። ከጠነከረ አይበሉትም፣ ከላላ ይበተናል።»

«የራስዎ ጆሮ የለዎትም?»

«የእኔማ ደርቋል። በእኔ ጆሮ ለክቼ ባቦካው የዓሣው ጥርስ ይረግፋል።»

አርባ ዓመት ሙሉ አጥምደው አንድም ወልቾክ አልያዙም። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ከሦስት ሚሊ ሜትር! ሰው ያቺን ልክ ያለፈች ካርፕ፣ ወልቾክ የምትባለውን ዓሣ፣ ለመያዝ ዕድሜውን ውሃ ዳር ይጨርሳል። የያዘ ሰው ዓሣውን ቀለም ይቀባና በወረቀት ላይ ያትመዋል፤ ስሙንና ልኩን ጽፎበት በእትዬ ሱኖክ የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ጓደኛዎ ጋሽ ኩ ሦስት አላቸው። የአንደኛው ጅራት በብሩሽ የተቀጠለ መሆኑን ዓይን ያለው ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸው ግን አያፍሩም።

«ዶክሱ፣ ያንተን ቦታ ይዘንልሃል። ሚስማሩ ዛገ እኮ!» ይሉዎት ነበር።

እርስዎም አብረው ይስቃሉ። ግን ከሱቁ ስንወጣ ዞር ብለው ያን ባዶ ቦታ ሳያዩ አይወጡም። ያላየሁ እየመሰለዎት።

እና ያን ምሽት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተንሳፋፊው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ትልቅ ዓሣ ሊጡን አፉ ውስጥ አስገብቶ ቀና ሲል እንዲያ ነው። ሳቡ። ዘንጉ ጎበጠ። ጋሽ ኩ ኑድል ሊያመጡ ወደ ሱቅ ሄደዋል። የእኔ ስልክ ከሰዓት በሙሉ ስጫወትበት ውዬ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። መረቡን ከሥሩ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ዓሣውን መለኪያው ላይ ያጋደምኩትም እኔ። የእርስዎ እጅ ሊጥ በሊጥ ስለነበር መነጽሩ ከኪስ አልወጣም።

«ስንት ነው? አንብቢው እስቲ!» አሉኝ።

ሠላሳ አንድ ሴንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ ሜትር ነበር፣ አባባ።

እኔ ደግሞ ያው ተንኮለኛ እኔ ነኝ። ፊትዎ ሲኮማተር ለማየት እስከ ሦስት ልቆጥር፣ ከዚያ ጮኼ እውነቱን ልነግርዎ አሰብኩ። «ሃያ ዘጠኝ ከግማሽ» አልኩ።

አንድ።

ፊትዎ አልተኮማተረም። «እንግዲህ ይደግ» አሉ። ሁለት ሳልል ዓሣው ውሃው ውስጥ ነበር።

ልኩ ያልሞላ ዓሣ እርስዎ ዘንድ እንደማያድር ከሰው ሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ይህን እንዴት ረሳሁት? ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እርስዎ ደግሞ ስለ እርስዎ ያዘንኩ መሰለዎት።

«አንቺ ሞኝ፣ ትንሽ ነው እኮ የጎደለው። በሚቀጥለው ዓመት ጠግቦ ይጠብቀናል።»

ጋሽ ኩ ተመልሰው «ይቺ ተንኮለኛ ደግሞ ምን ሆነች?» ሲሉ፣ «ለጥቂት ያመለጠን አለ። የእኔ ልጅ አንጀቷ አይችልም» አሏቸው። ኮሩብኝ፣ አባባ! የራስዎን ኑድል ለእኔ ሰጡኝ። እኔም በላሁት።

መኪና ውስጥ ልነግርዎ ነበር። በማግስቱ ልነግርዎ ነበር። ለክረምቱ ጎመኑን በጨው አሽተን ኪምቺ የሠራን ዕለት ከነጨው እጄ አጠገብዎ መጥቼ ቆምኩ። ቀና ብለው «ገንዘብ ፈለግሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ከዚያ ሐይቁ በረዶ ሳይዝ ልብዎ ቆመ።

ዓመት ሊሞላዎት ነው። ባለፈው ቅዳሜ አልቻልኩም፤ እትዬ ሱኖክ ሱቅ ገባሁና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጋሽ ኩ የኑድላቸውን ሳህን አስቀመጡ።

«ሠላሳ አንድ ከሁለት?»

«ሠላሳ አንድ ከሁለት።»

«ማን አየ?»

«እኔ።»

ጋሽ ኩና እትዬ ሱኖክ ተያዩ። አልፈርድባቸውም። በፀደይ የጋሽ ኩን ትሎች አውጥቼ በምትኩ ትል የሚመስል ከረሜላ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ሰውየው ግማሽ ቀን አጥምደውበታል። የእኔን ቃል ማን ይቀበላል?

«የእኔ ቆንጆ፣ አያትሽን እንደምትወጂያቸው እኮ እናውቃለን» አሉ እትዬ ሱኖክ፣ በዚያ ለሐዘንተኛ በሚወጣ ድምፅ።

«እየዋሸሁ አይደለም!»

«ዋሸሽ ማን አለሽ?» ጋሽ ኩ ተነሡ። «እዚህ ግድግዳ ላይ ያልዋሸ ማን አለና ነው? የእኔን ጅራት አታዪም?»

ከዚያ ወንበር ላይ ወጡና ከሦስቱ አንዱን አወረዱ። ጅራት የተቀጠለለትን እንዳይመስልዎ፤ ትልቁን፣ የሚኮሩበትን። በስማቸውና በልኩ ላይ ወረቀት ለጠፉ፣ ብሩሹን ቀለም ነከሩ፣ «ማ ዶክሱ፣ 31.2» ብለው ሙሉ ስምዎንና ልኩን ጻፉ። የእርስዎ ስም የዶሮ እግር መስሏል።

«እኔን ሁለቱ ይበቁኛል» አሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«ጋሽ ኩ፣ በእናትዎ! እውነት እኮ ነው!»

«እንዲህ ነው እንጂ! ሰው ሲጠይቅሽም ልክ እንደዚህ በይ» ብለው በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

እና አሁን ግድግዳው ላይ ነዎት፣ አባባ። ሰው በገባ ቁጥር ጋሽ ኩ ቀድመው «ዶክሱ የያዘው ነው!» ይላሉ። ሰዎቹ ወደ እኔ በሐዘን አየት ያደርጉና «ትልቅ ዓሣ ነው» ብለው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንድም የሚያምን የለም። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ስለ እርስዎ ሲሉ ሁሉም አብረው እየዋሹ ነው። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ የተናገርኳት አንዲት ትልቅ እውነት እዚያ ውሸት ሆና ተሰቅላለች፤ ላወርዳት አልችልም፣ ላስረዳም አልችልም።

እኔ ያልኩትን ሁሉ ሳይጠይቅ የሚያምነኝ አንድ ሰው ነበር። ያን ምሽትም አምኖኝ ዓሣውን ለቀቀው።

ስለዚህ ለሌላ ለማንም ሳይሆን ለእርስዎ ጻፍኩ። ሠላሳ አንድ ከሁለት ነበር፣ አባባ። ይዘውታል። አንድ ጊዜ ደግሞ ይመኑኝ።

የልጅ ልጅዎ፣
ቦራም