ሰባትና ስምንት

ለምናፍቅሽ ታናሽ እህቴ፤ ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደህና ነሽ ወይ? እኛ ጣሪያው ከማፍሰሱ በቀር ደህና ነን።

ስለ ልጅሽ አዲሱ ትምህርት ቤት ጠይቀሽኝ ነበር። ግድግዳው ቀለሙ የለቀቀ፣ ወንበሩም ሲጥ ሲጥ የሚል ነው፤ መምህርቷ ግን ሌላ ናት። ልጅ ጠይቃ መልሱ ቢዘገይ አትቆጣም፣ ወደ ሌላውም አትዘልም። "ጊዜ አለን" ብላ ትጠብቃለች። ልጆቹም መሳቅ ትተው መጠበቅ ለምደዋል።

ልጅሽ ትበላለች፣ ትተኛለች። ውሃ ሲጠማት አሁንም ሳትናገር ብርጭቆዋን ታሳየኛለች፣ እቀዳላታለሁ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እያለ ሲቀልድ እኔም አብሬው እስቃለሁ።

ረቡዕ ምሳዋን ረስታ ሄዳ ኖሮ ይዤላት ሄድኩ። በመስኮት ሳይ መምህርቷ ልጅሽን አስነስታ፣ "ሰባትና ስምንት ስንት ነው?" ትላታለች።

"ጊዜ አለን" አለች መምህርቷ።

ቆየት ብሎ "አስራ አምስት" የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። መምህርቷም "ልክ ነሽ" ብላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቀጣዩ ልጅ ዞረች። እኔ ምሳውን ለዘበኛው ሰጥቼ፣ ቧንቧው ጋ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

እሁድ ስትደውዪ ስልኩን ለእሷ እሰጣታለሁ። ዝም ቢልብሽ፣ መስመሩ ተቋረጠ ብለሽ አትዝጊው።

ባለሽበት ሰላም ሁኚልኝ።

ታላቅ እህትሽ