ከበሩ ውጭ የሰጠሁት ድምፅ

ለምወድሽም ለምፈራሽም ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ከጠዋት እስከ ማታ ከስፌት መኪናሽ ሳትነሺ መዋሉን ተውሽ ወይስ አሁንም ስመክርሽ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው? ቁልፍ ሻጯ ጎረቤትሽ፣ ጫማ ሰፊው፣ ከገበያ አዳራሹ ጣሪያ አንወርድም ያሉት ርግቦች ሳይቀሩ ደህና ናቸው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እንቅልፌም ምግቤም እንደ ልቤ ነው። ይህን ቀድሜ የምነግርሽ አንገቴን ደፍቼ እያለቀስኩ የምጽፍልሽ መስሎሽ እንዳትዘጋጂ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደብዳቤ ከተባለ ማለቴ ነው። ከጋዜጣ የተቀደደ ገጽ፣ ከስሜ ጎን «አልተገኘችም» በሚለው ቃል ዙሪያ በልብስ ጠመኔ የተሰመረ ክብ፣ ከስሩም አንድ መስመር፤ «ይህቺ እኔ ያሳደግኳት ናት?» ሰላምታ የለ፣ ስንብት የለ። ፖስታውን ከፍቼ ሳነብ ፊቴን ያየችው ጸሐፊዬ መርዶ የመጣ መስሏት ወንበር ሳበችልኝ።

አዎ እትዬ፣ ያሳደግሻት ናት። አሁን መኪናሽን አቁሚና ስሚኝ።

ጋዜጣው የላይኛውን ምክር ቤት አባላት በሙሉ ደርድሮ ማን ስንት ጊዜ ተናገረ፣ ማን ምን ጠየቀ፣ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ፣ ማን ቀረ እያለ ደረጃ አውጥቶልናል። ደግ አደረገ። ሕዝብ የላከው ሰው ምን ሲሠራ እንደሚውል ማወቅ አለበት። እኔን ከጭራው አካባቢ አስቀምጦ «ዝምተኛዋ እንደራሴ» ብሎኛል። በንዴትሽ መሀል እዚህች ላይ ሳትስቂ የቀረሽ አይመስለኝም፤ ልጅነቴን ሙሉ «አፍሽን ዝጊ» ስትዪኝ የኖርሽ አንቺ ነሽና።

አንደኛ የወጣውን ሰውዬ ግን አየሽው? እሱን እኛ «ደጋፊው» እንለዋለን። አጀንዳው ምንም ይሁን ምን እጁን ያወጣና «ከእኔ በፊት የተናገሩት የተከበሩ አባል ያሉትን እደግፋለሁ» ብሎ ይቀመጣል። እያንዳንዷ እንደ አንድ ንግግር ተቆጥራለታለች። አንድ ቀን ከእሱ በፊት ማንም ሳይናገር ዕድል ተሰጠው፤ ያም ሆኖ ደገፈ። አፈ ጉባኤው እንኳ ሳቃቸውን በወረቀት ነው የሸፈኑት።

የእኔ ሥራ ያለው ከምክር ቤቱ አዳራሽ ጀርባ፣ መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው በሚያይ የቋሚ ኮሚቴ ክፍል ውስጥ ነው። የታችኛው ምክር ቤት የሚልክልንን ረቂቅ አንቀጽ በአንቀጽ የምንተረትረውና መልሰን የምንሰፋው እዚያ ነው። የውሃ ሕጉ ውስጥ ለቤተሰቡ አስቀድሞ ሳይነገር ውሃ አይቆረጥም የሚለውን አንቀጽ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለእሱ ከሚኒስቴሩ ሰዎች ጋር ድምፄ እስኪዘጋ ተጨቃጭቄያለሁ፤ ጋዜጣው ግን ለጭቅጭቅ የሚሆን ዓምድ የለውም። የአባላት አበል ይጨመር ሲባል ከገዛ ቡድኔ ተለይቼ ብቻዬን ተቃውሜያለሁ። እሱስ ተጽፏል፤ አንቺ ጠመኔሽን ቆጥበሽ ነው እንጂ።

ወደ ክቡ ልምጣ፤ አልሸሽም።

የገበያ አዳራሽ ተከራዮች ረቂቅ ሕግ የእኛው ኮሚቴ ልጅ ነው። መተኪያ ቦታ ተሠርቶ ሳይሰጠው ማንም ነጋዴ ከሱቁ አይነሳም የሚል አጭር ሕግ ነው። ይፈርሳሉ ከተባሉት አዳራሾች የእናንተ ቀዳሚው እንደሆነ፣ የስፌት ቤትሽ ደግሞ ገና ከበሩ እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺም «እህቴ እዚያ አለች፣ እጇን ታወጣለች» ብለሽ ለአዳራሹ ሁሉ ደረትሽን ነፍተሽ ተናግረሻል። ድምፅ የተሰጠ ቀን እጄ አልወጣም፤ ረቂቁም ወደቀ። በማግስቱ ጫማ ሰፊው ምን እንዳለሽ ባልሰማም እገምታለሁ።

ታዲያ የት ነበርኩ? ከበሩ ውጭ። ከምክር ቤቱ አዳራሽ በር ፊት ለፊት ባለች የእንጨት አግዳሚ ላይ፣ ጤነኛ ሆኜ፣ ሁለት እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ ብዬ ነበር።

በእኛ ምክር ቤት ውስጥ ጋዜጠኞቹ የማይጽፉት አንድ የቆየ ልማድ አለ። «ጥንድ» እንለዋለን። አንድ አባል ሕመም ወይም የቤት ችግር ገጥሞት ድምፅ በሚሰጥበት ቀን መቅረት ግድ ከሆነበት፣ ከተቃራኒው ወገን አንዱን ፈልጎ ጥንድ ሁንልኝ ይለዋል። የተጠየቀው እሺ ካለ እሱም ሳይገባ ይቀራል። የአንዱ ድጋፍና የአንዱ ተቃውሞ ተጣፍተው ማንም በሌላው ችግር አያተርፍም። ወረቀት የለው፣ ምስክር የለው፤ እጅ መጨባበጥ ብቻ ነው። በመዝገብ ላይ ሁለታችንም «አልተገኙም» ተብለን እንጻፋለን። በማይዋደዱ ሰዎች መካከል የቀረ አንድ ጨዋ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ከተቃራኒው ወንበር አንድ ሰው ደረጃው ላይ አስቆመኝ። ረቂቁን ሊቃወም የተዘጋጀ ሰው ነው። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ሆስፒታል እንደሚተኛና ቢላዋ እንደሚጠብቀው፣ ቡድኑም ቢሆን እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ ሁሉ አባል ለምን እኔን እንደመረጠ ጠየቅኩት። «አንቺ እጅ ከሰጠሽ እንደማትነጥቂኝ ስለማውቅ ነው» አለኝ። እጄን ሰጠሁት። እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

ደወሉ ሲደወል ሁሉም ገባ፤ እኔ ቀረሁ። «ቆጣሪው» የምንለው የቡድናችን ተጠሪ ጭንቅላት ሲቆጥር ቆይቶ ላቡን እየጠረገ ወጣ። ድምፁ እኩል ለእኩል እንደሆነ፣ እኩል ከተከፈለ ደግሞ በደንባችን ረቂቁ እንደሚወድቅ፣ አንዲት እጅ ብቻ እንደጎደለችው ነገረኝ። ጥንድ ሆኛለሁ አልኩት። ማን ያውቃል፣ የት ተጽፏል፣ ሰውዬው እንደሆነ እዚህ የለ ብሎ ለመነኝ። አልገባም አልኩት። ጎንበስ ብሎ «የእህትሽ ሱቅስ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ልነሳ ቃጣኝ እትዬ፤ አልዋሽሽም። አንቺ በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰፍተሽ ያስተማርሽኝ፣ እኔም ለቆረጣ በምትጠቀሚባት ጠረጴዛ ስር ተቀምጬ የቤት ሥራዬን የሠራሁ ነኝ። ብነሳ በሩ አምስት እርምጃ አይሞላም። የአግዳሚውን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዤ ቀረሁ። ሽማግሌው በር ጠባቂ ቁልፉን ይዘው ቆመው አዩኝና «ልዝጋው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «ይዝጉት» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት ይቻላል። ወገኖቼ ሲወጡ ሰላም ሳይሉኝ አለፉ። አንዷማ ለእኔ እንዲሰማ አድርጋ «ሸጠችን» አለች። ቤቴ ገብቼ በደንብ እራቴን በላሁ። ሌላ ሰው በታመመ ቀን ተሽሎክልኬ ገብቼ ያወጣሁትን ሕግ አንቺ ራስሽ በሱቅሽ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ታፍሪ ነበር። አላፍርም ትዪ ይሆናል፤ እኔ ግን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፤ ያሳፍርሽ ነበር።

አሁን ጋዜጣው ያልጻፈውን ልንገርሽ። እኩል ተከፍሎ የወደቀ ረቂቅ ከሁለቱም ወገን በቂ ፊርማ ካገኘ ከምክር ቤቱ ዕረፍት በኋላ እንደገና ይቀርባል። ከተቃራኒው ወገን አንድም ፊርማ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። በማግስቱ ግን ክረምት ከበጋ ጓንት የማታወልቀው አዛውንት አባል፣ በአሥር ዓመት አንዴ እንኳ እግዜር ይስጥልኝ ብላኝ የማታውቀዋ፣ ቢሮዬ ድረስ መጣች። አግዳሚዋ ላይ ሆኜ በሩ ሲዘጋብኝ ከውስጥ እንዳየችኝ ነገረችኝ። ጓንቷን አወለቀችና ፈረመች። ከእሷ በኋላ ሌሎችም ፈረሙ። ቆጣሪው ሦስት ጊዜ ቆጥሮ ሦስቱንም ጊዜ ያልፋል ብሏል፤ አሁን ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ሻይ ልጋብዝሽ ይለኛል። የከተማችሁ አስተዳደርም ረቂቁ እስኪታይ ማፍረስ እንደማይጀምር ጽፎልናል። ስለዚህ መኪናሽን አትንቀዪ፣ መደርደሪያሽን አታውርጂ፤ ለጫማ ሰፊውም በርትተህ ስፋ በዪው። ይህ ሕግ ይወጣል።

መቼም ሰውዬው ማነው ማለትሽ አይቀርም። አልነግርሽም። አንድ ሰው ከቤትሽ ከወጣበት ጊዜ አንስቶ በደብዳቤዬ ውስጥ እንዳይነሳ ከልክለሽኛል። እኔና እሱ በአንድ አዳራሽ ትይዩ ከተቀመጥንም ወዲህ ትእዛዝሽን ጥሼ አላውቅም፤ ዛሬም አልጥስም። ጥንዴም ሕመሙን ለማንም እንዳልናገር፣ ይልቁንም ለአንድ ሰው በፍጹም እንዳልናገር አስምሎኛል። መሐላውንም እጠብቃለሁ። ስም አልጠራሁም፤ አልጠራምም።

ስለ አንድ ኮት ግን እንዳላወራ የከለከለኝ የለም።

ጥንዴን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ከምክር ቤቱ ጀርባ ያለው ሆስፒታል ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃውን ወጥተሽ በስተግራ መጨረሻው ክፍል። ከስቷል፤ ቀዶ ጥገናው ያሰቡትን አላደረገለትም። ነርሶቹ ልብሱን ቁም ሳጥን ውስጥ እንቆልፍ ቢሉት ሌላውን ሁሉ ሰጥቶ አንድ አሮጌ ግራጫ ኮት ብቻ አልሰጥም ብሏል። አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። እጄን ላሳርፍ ብዬ ስነካው ገበሩን አየሁት። ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ክሩ ሲያልቅ ሁለቴ ተመልሶ የሚቋጠር። እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ ሰው በዚህ ከተማ የለም። ኮቱ ሃያ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም፤ ለሌላ ልብስ ሰፊ ተሰጥቶ አያውቅም።

ድምፁ እንዴት ሆነ አለኝ። እኩል ወጥቶ ወደቀ አልኩት። ወደ መስኮቱ ዞረ። ቀጥሎ «በሩ ጋ ያለችው ስፌት ቤትስ?» አለኝ። አለች፣ ቆማለች አልኩት። «የዚያች መኪና ድምፅ አሁንም አንድ ረግጦ አንድ ያነክሳል?» አለኝ። ያነክሳል አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁን ሳል ቆረጠው። ትንፋሹ ሲመለስ ረቂቁ እንደገና ሲቀርብ እንዳልጠብቀው፣ እጄን እንደለቀቀልኝ፣ እንድገባና እጄን እንዳወጣ ነገረኝ። ያኔ ድነህ መጥተህ ተቃወመኝ፣ ወግ ያለው ክርክር እናድርግ ስለው ራሱን ነቀነቀ። «ንገሪያት» ብሎ ጀመረና ተወው፤ «አይ፣ አትንገሪያት» አለኝ።

ስወጣ ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ቤተሰብ አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቤተሰብ ካለው ሳይዘገይ ቢመጣ መልካም ነው አለችኝ። ቆሜ አለቀስኩ እትዬ፤ ይህንን ብቻ ለጫማ ሰፊው እንዳትነግሪብኝ።

ለሰው ብለሽ ነይ አልልሽም። እንዲህ ብልሽ እንደማትመጪም አውቃለሁ፤ ተጥለሽ የቀረሽበትንም በደል አልረሳሁም፤ ያኔ ሌሊቱን ሁሉ አብሬሽ የነቃሁት እኔ ነኝ። የምጠራሽ ለኮቱ ነው። የቀኝ ትከሻው ገበር ተተርትሯል። ነርሷ ልትጠቅመው ክር ብታመጣ የኮቱ ባለቤት ጨርሶ አላስነካትም። እዚህ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ቢያገኙትም ያበላሹታል። የጥየቃ ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው፤ በር ላይ ማን ነሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መርፌሽን፣ ግራጫ ክርሽንና መነጽርሽን ይዘሽ ነይ፤ ሰፍተሽ መሄድ ነው፣ ቃል እንኳ መናገር የለብሽም። የሳምንቱን መጨረሻ ግን አትጠብቂ።

ወገብሽን ያበርታው፤ ዓይንሽን አያፍዘው፤ ሱቅሽ ደንበኛ፣ ቤትሽ ሳቅ አይጣ። እኔንም ከቁጣሽ ይሰውረኝ። ለአዳራሹ ሰዎች ሁሉ በያሉበት ሰላም በዪልኝ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤

ታናሽሽ