የከድር የበረዶ ማሽን

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2000

ከድር አንድ ቀይ ብረት በጋሪ አስገፍቶ መጣና ሱቄ ደጃፍ ላይ ገተረው። የበረዶ ማሽን ነው አለኝ። ፊቱ በደስታ ወዝቷል። ከውጭ የገባ አሮጌ ዕቃ የሚያራግፍ ነጋዴ ነው የሸጠለት፤ ነጋዴውም ደላላውም በአንድ አፍ የበረዶ ማሽን ነው ብለውታል። ባሌ ጭማቂ ቤት ሲመኝ ስንት ጊዜው! የጎደለው በረዶ ብቻ ነበር፣ ይኸው ሞላ።

ዞሬ ዞሬ አየሁት። ውሃ የሚጨመርበት የለም። በረዶ የሚወጣበት መሳቢያ የለም። የኤሌክትሪክ ገመድ እንኳ የለውም፣ የሚጠጣው ቤንዚን ነው። ፊት ለፊቱ የሥጋ መፍጫ የመሰለ ጠመዝማዛ ብረት አፉን ከፍቷል፤ ከላይ የጎበጠ ረጅም አንገት አለው። ከድርን ብጠይቀው፣ መብራት በፈረቃ በሚጠፋበት አገር ቤንዚን መሆኑ ነው ጥበቡ አለ። የመጣልኝን ነገር ዋጥኩት። ሰው እንዲህ ሲደሰት ምን ይባላል?

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። መተላለፊያችን ወደ እኔ መጋዘን ያዘቀዝቃል። አምና በረዶ ጥሎ ደፉ ሥር ያለውን የውሃ መውረጃ ደፈነውና ጎርፉ ሰተት ብሎ ገባ። በርበሬው፣ እርዱ፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ሁሉም ሾርባ ሆነ። ዘንድሮ ከባዶ ተነሥቼ እንደገና ሞልቼዋለሁ። ዳግመኛ ከራሰ የምነሣበት ጉልበት የለኝም። ይህን ለከድር አልነገርኩትም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

ማሽኑ ላይ በላስቲክ የታሰረ መመሪያ አገኘሁ። እንግሊዝኛ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሴ ለአንድ ነገር ጠቀመ። "ስኖው" የሚል ቃል በየመስመሩ አለ። የጎረቤት ልጅ መዝገበ ቃላት ተውሼ ፈለግሁ፤ በረዶ ይላል። ለመጠጥ የሚሆነውን "አይስ" ፈለግሁ፤ በረዶ ይላል። ከዝናብ ጋር ከሰማይ የሚወርደውን ፈለግሁ። እሱም በረዶ!

እንግዲህ ነጋዴው አልዋሸም፣ ደላላው አልዋሸም፣ ከድርም አልተሞኘም። አማርኛችን ነው ሦስቱን በአንድ ስም ጠርቶ የሸወደን። ማሽኑ በረዶ አይሠራም። የፈረንጅ ግቢ ላይ የተከመረ በረዶ እየዛቀ በአንገቱ ወደ ዳር ይወረውራል እንጂ።

ስነግረው ከድር የእርድ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ወሬው ግን አልተቀመጠም። ፊት ለፊታችን ባልዲና ሳፋ የሚሸጡት እትዬ አስካለ፣ "አይዞህ ከድሬ፣ በረዶውን ሰማዩ ያመጣልሃል፣ አንተ ብርጭቆውን ያዝ" አሉት። ሠፈሩ በሳቅ አለቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ኋላ አንጀቴን በላኝ።

ሱቅ ስዘጋ ዓይኔ ከማሽኑ ወደ ውሃ መውረጃው ሄደ። ከውሃ መውረጃው ተመልሶ ወደ ማሽኑ። እንዴ!

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ሐሳቤን ነገርኩት። ከድር ከጆንያው ላይ ተነሣ። በጠዋት ማሽኑን ምን አለሽ ተራ፣ ጄኔሬተር ወደሚጠግነው ኑረዲን ዘንድ አስገፋው። የቆየው ቤንዚን ተደፋ፣ ዘይት ተቀየረ፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላም ተቀየረ። ተነሣ! ድምፁ ወፍጮ ቤት ያስንቃል።

ሲመለስ ዝናብ ስለነበር መጋዘን ውስጥ ላስነሣና ላሳይሽ አለ። በር ላይ ቆምኩ። ጭሱ ይገድለናል፣ ባይገድለን እንኳ ኮረሪማዬ ቤንዚን ቤንዚን ይላል አልኩት። እያጉረመረመ ተወው።

ከመመሪያው እስካሁን የገባኝ፦
ሞተሩ እንደጋለ ቤንዚን አይሞላም።
የሚንዘላዘል ልብስ አይለበስም። (የከድር ሽርጥ! የእኔም ሻርፕ።)
አንገቱ ወደ ሰውና ወደ መስተዋት አይዞርም።
እጅ ወደ ብረቱም ወደ አንገቱም አይገባም። ይህን በየገጹ ጽፈውታል፣ ሥዕልም አለው፤ ጣቶች የሌሉት እጅ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4

ጁምዓ ነው። ሰጋጁ ከአንዋር መስጊድ ሞልቶ እስከ እኛ ተነጥፏል፤ ማሽኑ ሸራ ተከናንቦ ዋለ። ሰው ሲበተን መጥረጊያ ይዤ መተላለፊያውን አጸዳሁ፣ ብረቱ ላይ የሚጠመጠመውንና ብረቱ የሚወረውረውን ነገር ሁሉ። ስንቱ ነው የወጣው፤ ሲባጎ፣ ሚስማር፣ ፌስታል፣ ድንጋይ፣ የአንድ እግር ጫማ። የሚያልፈው ሁሉ ቀበሌ ቀጠረሽ ወይ እያለ አለፈ።

ከዚያ ልምምድ። በረዶ ስለሌለ ከአናጢዎቹ ሰጋቱራ ለምነን ከመርን። ከድር ሱሪ ለበሰ (በግድ)፣ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ሳበ፣ ገፋ። አቤት አወራወሩ! አንገቱ ወዴት እንደዞረ ግን ሁለታችንም አላየንም። እትዬ አስካለ ከነባልዲያቸው ሰጋቱራ ለበሱ። ቆመው ዓይናቸውን ጠረጉና፣ "በረዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቀብሬ ነበር" አሉ። ይቅርታ ስንል አመሸን።

ሌላም ጉድ አገኘሁ። እጀታው ላይ የሚጨበጥ ብረት አለ፤ ሲጨበጥ ጠመዝማዛው ይዞራል፣ ሲለቀቅ ይቆማል። ኑረዲን እጅ ያደክማል ብሎ በሽቦ ጥፍር አድርጎ አስሮታል፣ ሁልጊዜ እንደተጨበጠ እንዲቆጠር። ለውለታ ነው። እዚህ ሠፈር የተበላሸ ዕቃ ተጠግኖ ብቻ አይመለስም፣ "ተሻሽሎ" ነው። ጉጠት አምጥቼ ሽቦውን ቆረጥኩት። ከድር ተቆጣ። "አንቺ ደግሞ መቼ መካኒክ ሆንሽ?" አለኝ። ሥዕሉን አሳየሁት። ፈረንጅ ይፈራል አለ። ተኳርፈን ተኛን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5



ከምሳ በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያ እርስ በርስ መደማመጥ አቃተን። በረዶው ሲያባራ መተላለፊያው ነጭ ሆኗል፣ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ዝናቡ ግን አልቆመም። ውሃ መውረጃው ተደፍኗል፤ ጎርፉ ከላይ እየመጣ ደፌ ሥር ይጠራቀማል። ልክ እንደ አምናው።

ኩርፊያውን ማን ያስታውሳል። የማሽኑን አንገት ውስጡን የምግብ ዘይት ቀባሁት፣ እርጥብ በረዶ እንዳይጣበቅ። ከድር ገመዱን ሳበ፣ እምቢ። ሳበ፣ እምቢ። እንደገና ሲስበው ተነሣ። አንገቱን ሰው ወደሌለበት ወደ ፈረሰው ግንብ አዞርን። እትዬ አስካለ ልጆቹን አንድ ጥግ አግተው ያዙልን። ከድር ቀስ እያለ፣ በጠባብ በጠባቡ እየቆረጠ ከውሃ መውረጃው ጀመረ። በረዶው ግንቡ ላይ ተተኮሰ። ሰዉ ጮኸ፣ አጨበጨበ። ረቡዕ ዕለት የሳቀው ሰው ነው።

አጋማሽ ላይ ሲደርስ አንገቱ ታፈነ። ምንም አይወጣም። ከድር እጀታውን ለቀቀው፣ ጠመዝማዛው ቆመ፤ ሞተሩ ግን ያጓራል። ውሃው ደፉን ሊያልፍ የጣት ስፋት ቀርቶታል። ከድር እጅጌውን ሰበሰበና እጁን ወደ ማሽኑ አንገት ሰደደ።

ክንዱ ላይ ተጠመጠምኩ።

"ልቀቂኝ ሙና! ውሃው ሊገባ ነው!"

"ይግባ!" አልኩት። ድምፄን አላወቅኩትም። "ይግባ! ይጥለቅለቅ!"

ሞተሩን አጠፋሁ፣ የካንዴላውን ገመድ ነቀልኩ። ውሃው ገባ፣ ሲገባ አየሁት። የመጥረጊያ እንጨት አቀበልኩት። ከታፈነው አንገት ጎን ቆሞ አንዴ ጎረጎረ፣ ሁለቴ ጎረጎረ፣ በረዶው ተላቀቀ። ያን ጊዜ ውስጥ ታፍኖ ተወጥሮ የነበረው ብረት በጠፋ ሞተር፣ ማንም ሳይነካው፣ አንዴ ተፈናጠረ። እንጨቱ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ።

ከድር የቀረውን ግማሽ እንጨት ይዞ ቆመ። ከዚያ እጁን አየ፣ ቀኙን፣ ግራውንም። "ገመዱን መልሺልኝ" አለኝ ቀስ ብሎ። መለስኩለት፣ አስነሣው፣ የቀረውን ጠረገ። ውሃ መውረጃው ጉሮሮው ተከፍቶ እየተንዶቆዶቀ ጠጣው።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

አልሃምዱሊላህ። የታችኛው ረድፍ ጆንያዎች እግራቸው ብቻ ነው የራሰው። የተበላሸው እርድ ነው፣ እሱም ሁሉም አይደለም። ሌላው ደረቅ ነው፣ እጄን እየከተትኩ አንድ በአንድ ዳሰስኩት። አጠገባችን ያሉት ሱቆችም ውሃ አልገባባቸውም። ባለቤቶቹ ከድርን በሚቀጥለው ዶፍ እኛም ጋ ና ሲሉት ዋሉ። እሱም ቀጠሮ ሲሰጥ ዋለ፣ ጭማቂ ቤቱን የረሳው ይመስላል። ኑረዲን ሳይቀር ሊያይ መጣ፤ የተሰበረውን እንጨት አገላብጦ አየና ስለ ሽቦው አንድም ቃል ሳይናገር ሄደ።

አሁን ደግሞ ደመናው በአዲስ ከተማ በኩል ተቆልሏል። ይዘንብ ይሆናል፣ ላይዘንብም ይችላል። እንደ ሰሞኑ ግን አልፈራሁም።

ከሰዓት የራሰውን እርድ ሸራ ላይ እየዘረጋን ሳለ ከድር ቀና ሳይል ጠየቀኝ። "ሙና፣ ትናንት ይግባ ያልሽው ከልብሽ ነው?"

ከልቤ ነው አልኩት። እርድ በነካ እጁ እጄን ያዘው። ዕቃዬ ተርፎ፣ ሰው ተርፎ፣ ያን ጊዜ ለምን ስቅስቅ ብዬ እንዳለቀስኩ አላውቅም። እሱም ለምን አላለኝም።