በፊታውራሪ ግቢ ስለተሠራው አዲሱ አሮጌ ቤት

ሰኔ 14 ቀን 1976 ዓ.ም.
አራዳ፣ አዲስ አበባ

ለክቡር ጓድ አባይነህ ክፍሌ
የጥንታዊ የመንግሥት ቤቶች መልሶ ግንባታ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በሲሚንቶ ብናኝ መካከል ስለሚውሉ ሳንባዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን፤ ቢያምኑበትም ባያምኑበትም ይጠብቅልን። እኔ አመልካቹ አጽብሐ ሐዱሽ፣ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ከፒያሳ ቁልቁል ባለው የፊታውራሪ ግቢ፣ ጠጅ ቤት በሚባለው ክፍል ከባለቤቴ ከወይዘሮ አክበረት ጋር የምኖር ሰው ነኝ። ሦስት ማመልከቻ አስገብቼ «ቀርቧል» ከመባል በቀር መልስ ስላጣሁ፣ አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ጣሊያን ያቃጠለውን ግቢ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት እንደ ጥንቱ መልሳችሁ ልትሠሩ መነሳታችሁን ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ ከእንደርታ መጥተው በዚሁ ግቢ በጠጅ አሳላፊነት ያረጁ ሰው ስለነበሩ፣ ያልተቃጠለውንም የተቃጠለውንም ቤት በልጅነቴ አውቀዋለሁ። ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ከድሮ መዝገብ «ግብር ቤት» የሚል ቃል አግኝታችሁ፣ ባንኮኒ ያለው፣ መስኮቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ቤት ሠርታችሁ፣ ከውስጥ የጄሶ ግብር ሰብሳቢ፣ ከውጭ ደግሞ ያጎነበሰ የጄሶ ጭሰኛ ስላቆማችሁበት የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ኧረ ጓድ! ግብር ቤት ማለት እኮ ጌታው ጭፍራውንና አሽከሩን ሰብስቦ የሚያበላበት አዳራሽ ነው እንጂ የገቢ መሥሪያ ቤት አይደለም። በዚያ ቤት ሰንጋና ጠጅ እንጂ ደረሰኝ ታይቶ አይታወቅም። ይህንኑ ላስረዳ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ «እዚህ ቤት ግብር ይበላ ነበር» ብል፣ የመንግሥት ገቢ ተመዝብሯል ያልኩ መስሎዎት በቃለ ጉባዔ ስላስያዙልኝና የበሉትን ሰዎች በስም እንድጠቁም ስለጠየቁኝ ንቃትዎን አደንቃለሁ። ፊታውራሪው ደግ ነበሩ አላልኩም፤ ሰንጋውም ማሩም ከጭሰኛው ጎሮሮ ተነጥቆ እንደመጣ አባቴ ነግረውኛል። ታዲያ ግፉ የተበላበት እውነተኛው ቤት እያለ፣ ያልነበረ ቤት ፈጥሮ መሥራት ምን እንደሚጠቅም ሊገባኝ አልቻለም።

2ኛ/ እዚያው መዝገብ ላይ «ጠጅ ቤት» የሚል ቃል ስላገኛችሁ፣ ኮሚቴው መሸታ ቤት የአብዮት ቅርስ ሊሆን እንደማይችል፣ መሸታ ቤት የፈለገም ውቤ በረሃ መሄድ እንደሚችል ገልጾ፣ ቤታችን ፈርሶ ለምረቃው እንግዶች መኪና ማቆሚያ እንዲሆን ወስኗል። ጠጅ ቤት የግብሩ ጠጅ የሚጣልበት ጓዳ ነበር፤ አንድ ብርሌ ተሽጦበት አያውቅም። ከእሳት የተረፈው ቤትም እሱ ብቻ ነው። እንግዲህ በግቢው ውስጥ አንድ እውነተኛ አሮጌ ግድግዳ ቢኖር የእኛው ሲሆን፣ አሮጌውን ለማክበር ሲባል የሚፈርሰውም እሱው ነው። ጉድ እኮ ነው!

ለሦስተኛው ቁጥር መስጠት አቃተኝ፤ ቅሬታ ሳይሆን ፍርሃት ነውና። አክበረት ዓይኗ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የኖረችበትን ይህን ቤት ግን በእጇ ታየዋለች። ከአልጋዋ ተነስታ ግድግዳውን እየዳሰሰች፣ ድንጋዩ ጎበጥ ያለበት ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ ታጥፋ፣ ማንም ሳይመራት ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ከጎረቤታችን ከዘውዲ ጋር በትግርኛ እየተጫወተች እኔን ታማኛለች። በምትኩ የሰጣችሁን ክፍል ከቴዎድሮስ አደባባይ በታች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ደብዳቤያችሁ «ከተማውን ቁልቁል የሚያሳይ፣ ማራኪ እይታ ያለው» ይለዋል። ለዓይነ ስውር እይታ መርጣችሁ ስለሰጣችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ያንን ደረጃ አንዴ ከወጣች፣ ካስቀመጥኳት ወንበር በራሷ አትነሳም፤ ሰው እስኪያነሳት ትጠብቃለች።

ቤቱ ይተርፋል ብዬ አይደለም የምጽፈው። ዶዘሩ በራችን ላይ ከቆመ ሳምንት ሆኖታል፤ በማመልከቻ ወደኋላ የተመለሰ ዶዘር ደግሞ በአራዳ ኑሮዬ አላየሁም። ዝም ብዬ እንዳልወጣ ብቻ ነው።

ቀሪው ዘመንዎ በጭብጨባና በሪባን ቆረጣ የተሞላ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» ከሚለው ውስጥ በዕድሜዬ ምክንያት የኋለኛው የሚቀርበኝ፣ ትሑት አመልካችዎ፣

አጽብሐ ሐዱሽ
(መጠጥ ከማይሸጥበት ጠጅ ቤት)

ግልባጭ፦
ለጄሶው ጭሰኛ፣ ቢያንስ በሥራ ሰዓት በቦታው ስለሚገኝ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ሠራተኞቻችሁ ግድግዳውን ሲለኩ አክበረት እነማን እንደሆኑ ጠየቀችኝ፤ ቤቱን ሊያድሱልን ነው አልኳት። ደስ ብሏት መረቀቻችሁ። ዘውዲንም እውነቱን እንዳትነግራት አደራ ብያታለሁ። ስለዚህ ልታፈርሱ ስትመጡ እናንተም እባካችሁ ልናድስ ነው በሏት፤ መቼም ማፍረስን ማደስ ብሎ መጥራት ለእናንተ አዲስ ነገር አይሆንባችሁም።