በእንጦጦ መንገድ ሦስተኛ ሰው

ኅዳር ፲፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ፫ ሰዓት

ቀንን ከሌሊት የለየ አምላክ ስሙ ይክበር። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ኪዳን አድርሼ፣ ዳዊቴን ደግሜ፣ ከደጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ዛሬም ሄዱ። ሦስተኛ ቅዳሜ መሆኑ ነው። ልጄ ጥበቡና አማቱ ባላምባራስ ደጀኔ ወደ እንጦጦ ይወጣሉ። (ከእንግዲህ ባ/ራስ ብዬ እጽፋለሁ፤ ለስሙ ቀለም አላባክንም።) ልጄ የሰውዬውን ጋቢ ተሸክሟል፤ ክንዱን ይዟል። የእኔን ክንድ ይዞ አያውቅም። አስይዤውም አላውቅም።

ይህ ተራራ የእኔና የልጄ ነበር። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ኅዳር ፳፩ ለጽዮን ማርያም ሁለታችን ብቻ በእግር እንወጣለን። እርሱ አንዱን የመዝሙር መስመር ይላል፤ እኔ ቀጣዩን። እየተቀባበልን እንጦጦ ማርያም እንደርሳለን። አሁን ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ አንድም ዓመት አላስታጎልንም። ዘንድሮስ? እኔ አልጠየቅሁም፤ እርሱም አልነገረኝም።

ባለቤቴ አስካለ፣ በሽማግሌ እግር መቅናት ጀመሩ ወይ ብላ ሳቀች። ቅናት የቃየል ነው አልኋት። ቁርሴን ግን አልበላሁም።

ኅዳር ፲፩፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ጥበቡ መጣ። ስለ ፳፩ ጠየቅሁት።

«አባባ፣ ዘንድሮ ሦስት ሆነን ብንወጣስ? ባላምባራስ እርስዎን በጣም ያከብራሉ» አለኝ።

በየቅዳሜው ተራራ ላይ ምን ትሠራላችሁ አልሁት። እግር ማፍታታት ነው አለ። ልጄ ሲዋሽ ጆሮውን ያክካል። አከከ። መዝሙር በሁለት ወገን እንጂ በሦስት አይባልም፣ ሦስት ሆኜ አልወጣም አልሁ። በቂ ምክንያት መስሎኝ ነበር።

ኅዳር ፲፪፣ ሰኞ፣ ማኅበርተኞቹ እንደ ሄዱ

የቅ/ሚካኤል ማኅበር፣ በእኔ ቤት። ባ/ራስ በዝምድናው ተጠርቶ ከልጄ ጎን ተቀመጠ። ጥበቡ ለስላሳውን ሥጋ እየመረጠ ያጎርሰዋል። እኔ አያለሁ፤ ጠላዬን እጨልጣለሁ። ቅኔ ይበሉልን ተባልሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተቀኘሁ። በግእዝ፣ ስሙን ጠርቼ፣ ወርቁን በሰም እንኳ ሳልሸፍን፤ በሌላ ሰው ልጅ ትከሻ ተራራ የሚወጣ፣ ቃል ያልተጻፈበት ባዶ ብራና አልሁት። ሁለቱ ካህናት ተያዩ። ልጄ የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ ማዕዱ መለሰ።

ባ/ራስ ግእዝ ስለማያውቅ ስሙ ሲጠራ ብቻ ሰምቶ ተነሣ፤ ጉልበቴን ሳመ። «መሪጌታ፣ ስድሳ ዓመት ስኖር ቅኔ የተቀኘልኝ የለም። በወረቀት ይጻፉልኝ፤ በገዛ ዓይኔ ልየው።»

እጽፋለሁ አልሁ። ምን ልበል?

ኅዳር ፲፭፣ ሐሙስ

ጾመ ነቢያት ገባ። ሆዴ ባዶ፣ ልቤ ሙሉ፤ የሞላው ግን ጸሎት አይደለም። ጥበቡ ደጄን አልረገጠም። ለእናቱ፣ አባባ ተራራ ላይ ያስተማሩኝን ማዕድ ላይ አፈረሱት ብሏታል። ያ ሰው ምን አለው? ጥርስ የለው፣ ንባብ የለው። ሳቅ አለው። በእኔ ቤት ሳቅ አልነበረም።

ኅዳር ፲፯፣ ቅዳሜ፣ ቀትር

ተከተልኋቸው። የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ ባዩ፣ ከባሕር ዛፍ ወደ ባሕር ዛፍ እየተሸሸግሁ። አንዲት እንጨት ለቃሚ፣ ምን ጠፋብዎት አባቴ አለችኝ። ልጄ አልኋት። ደንግጣ ዕድሜውን ጠየቀች። ሠላሳ ስላት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

እኔና ጥበቡ ዘወትር በምናርፍበት ጥድ ሥር ተቀምጠዋል። ባ/ራስ መነጽር አድርጎ በስንደዶ ፊደል ይቆጥራል።

«ከ፣ ኩ... ቆይ፣ ይቺ እግሯን የዘረጋችው ማን ናት?»

ጥበቡ ሳይሰለች ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ስንደዶው፣ ወደ ኋላ መመለሱ፣ ሁሉም የእኔ ሥርዓት ነው። እርሱንም እንዲሁ ነበር ያስቆጠርሁት።

«አባትህ እንዳይሰሙ፣ በሞቴ። ዕድሜ ልኬን በአውራ ጣቴ ስፈርም ኖርሁ። ያንን ቅኔ ግን ሳላነብ አልሞትም» አለ ባ/ራስ። ልጄ አንገቱን ደፋ።

በሌላ መንገድ ወረድሁ። አፍሬአለሁ፤ ቅናቴ ግን አልበረደም። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

ኅዳር ፳፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

መጀመሪያ የሚያሞግስ ሌላ ቅኔ ጻፍሁ። ማን ያውቃል ብዬ። ጥበቡ ያውቃል። ቀደድሁት።

ከዚያ ያንኑ የተናገርሁትን ጻፍሁ፤ ለጀማሪ ዓይን እንዲመች ፊደሉን አግዝፌ፣ ፍቺውን በአማርኛ ከሥሩ አኑሬ። ከግርጌው ሦስት ፊደል ጨመርሁ፦ ማሩኝ። እርሷን ያለ ማንም እርዳታ ያነባታል።

ነገ ሦስት ሆነን እንውጣ ብዬ በአስካለ በኩል ላክሁ። ጥዱ ሥር ስንደርስ ወረቀቱን እሰጠዋለሁ። የፈለገውን ይበለኝ። ጥበቡ የማንን ክንድ እንደሚይዝ አላይም ብዬ ነበር። አያለሁ። ስሙን ግን ዛሬ አሟልቼ እጽፋለሁ፦ ባላምባራስ ደጀኔ።

ይህን ገጽ አንድ ቀን የምታነብ ሆይ፣ ከልጅህ ጋር የምትወጣው ዳገት አይጥፋብህ። ቤትህ ለአማትም ለእንግዳም ይስፋ፤ ማዕድህን ክፉ ቃል አይንካው። አሜን።