ድንጋዩ ሳይረጥብ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ ለቦናሬሪ፤

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? የሞምባሳ ሙቀት ዘንድሮም እንቅልፍ ይነሳሻል ወይስ ለመድሽው? ክር ሳስገባ ዓይኔ ያነባል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበርና እሱ ነገር ሆዴን ሲበላው ነው የሰነበተው። በሞቴ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ነገ ዛሬ አትበይ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ዝናቡ እንደ ልባችን ጥሎልናል፣ ሙዙ ፍሬው ከብዶት አጎንብሷል፣ ላሟም ወልዳለች። የጎደልሽብን አንቺ ብቻ ነሽ።

ደብዳቤሽ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደረሰኝ። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ያ የስፌት ቤትሽ ባለቤት፣ የዩኒፎርሙን ኪስ ወደ ጎን ብናወርደው አይቀደድም ብለሽ ብትነግሪው፣ "እኔ የቀጠርኩት እጅሽን ነው፣ ጭንቅላትሽን አይደለም" አለሽ? አፉን ይያዘው! እኔ ብሆን መቀሱን ጥዬለት እወጣ ነበር። የባሰው ግን የእሱ አይደለም፣ የአንቺ ነው። "እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። አዲስ ነገር የሚያፈልቅ ጭንቅላት ለአንቺ ተሰጠ፣ እኔን ዘለለኝ። ከእናንተ መንደር የመጣው ሹፌር ስለ ፍየሏ ሲያወራልኝ ደስም አለኝ፣ ቀናሁም" ብለሽ ጻፍሽ። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ አንጀቴን በላሽው። ሹፌሩ ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ። ቁጭ በይና ሙሉውን ልንገርሽ፣ ጭንቅላት ይሰጥ እንደሆነና እንዳልሆነ ከዚያ በኋላ አንቺው ፍረጂ።

በዚህ ቤት ሥራው እንዴት እንደተከፈለ ታውቂዋለሽ። ባሌ ሞሲዮማና አባቱ አባባ ኦብዎቻ ዳሱ ሥር ተቀምጠው ለስላሳውን ድንጋይ ጉማሬና ዓሣ አድርገው ይጠርባሉ። እኔና አማቴ እማማ ኬሙማ ሳፋው ላይ አጎንብሰን እነሱ የጠረቡትን በውሃና በብርጭቆ ወረቀት እናለሰልሳለን፣ ሰም እንቀባለን። ሴት ቢላዋ ይዛ ስትጠርብ በዚህ ግቢ ታይቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ የምፈልገው እሱኑ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ እነሱ ሲጠርቡ ባየሁ ቁጥር እጄ ይቁነጠነጥ ነበር።

ከጠዋት እስከ ማታ የጉማሬ ጀርባ ማሸት ምን ያህል እንደሚያሰለች ለአንቺ አልነግርሽም፣ አብረን አሽተናል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ብቸኝነቱም ሲጨመርበት ለራሴ አንድ ጨዋታ ፈጠርኩ። ድንጋዩ ደረቅ ሆኖ ሲመጣ ሁሉም ዱቄት የነሰነሱበት ይመስላል፣ ቀዩም ጥቁሩም መስመር የሚወጣው ውሃ ሲነካው ነው። እኔ ታዲያ ሳልነክረው ጣቴን አንድ ቦታ አሳርፍና "ቀዩ እዚህ ጋ ነው የሚወጣው" እላለሁ። እነክረዋለሁ። የለም! ቀዩ በሌላ በኩል ተንደላቆ ቁጭ ብሏል። እማማ ኬሙማ "ይቺ ጠንቋይ መቼም ገበያ አታገኝ" እያሉ ሲስቁብኝ ጥርሳቸው ሁሉ ይታይ ነበር።

አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት ስሳሳት ከረምኩ እልሻለሁ። ግን ተሳሳትኩ ብዬ ዝም ብዬ አላለፍኩም። ለምን? እላለሁ። በጥፍሬ እጭረዋለሁ፣ በጣቴ አንኳኳዋለሁ፣ ድንጋዩ ከላይኛው ጉድጓድ ነው ወይስ ከታችኛው የተቆፈረው ብዬ ሞሲዮማን አደርቀዋለሁ። እያለ እያለ አንድ ቀን፣ እኔ ገና ምንም ሳላስብ እጄ ቀድሞኝ ሄዶ አንድ ቦታ አረፈ። ነከርኩት። ቀዩ ከጣቴ ሥር ብቅ አለ! እማማ ኬሙማ "የፈጣሪ ያለህ!" ብለው ብርጭቆ ወረቀቱን ሳፋው ውስጥ ጣሉት። እንዴት አወቅሽ ብለው ቢጠይቁኝ ጣቴን ብቻ አሳየኋቸው። ሰዎች ከላይ ወረደላት የሚሉት ይሄን ነው። ያን ሁሉ ስህተቴን ግን ያየልኝ የለም።

ውሃ ለመቅዳት ስወርድ ደግሞ በየቀኑ አንድ ነገር መርጬ እስኪገርመኝ ድረስ አያለሁ። ያቺን የጎረቤታችንን ሌባ ፍየል አስቢያት። በኋላ እግሮቿ ቆማ የሙዝ ቅጠላችንን ስትሰርቅ ሆዷ ወደ ውስጥ ይገባል፣ አንገቷ ይጠመዘዛል፣ ምላሷ ደግሞ ከአፏ ቀድሞ ቅጠሉ ጋ ይደርሳል። ስንት ዓመት ሳባርራት ኖሬ ይሄን አይቼው አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ሞሲዮማ ከኋላዬ መጥቶ "ሴትዮ፣ ልታገቢያት ነው እንዴ? ጀሪካኑ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው!" ብሎ ጮኸብኝ።

የተሰበረ ድንጋይም አልጥልም። አነሳና ይሄ ምን ይሆናል እላለሁ። መጀመሪያ የሚመጣልኝ ትንሽ ጉማሬ ነው። ሂድ እለዋለሁ፣ አንተ የመንደሩ ሁሉ ሐሳብ ነህ። ቀጥሎ ዓሣ ይመጣል። አንተም ሂድ። ከዚያ ጭንቅላቴ ይደርቃል፣ ምንም የሚመጣ ነገር የለም። ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ጋ ነው እታለም። እኔ ግን ሌላ ሥራዬን እየሠራሁ እጠብቃለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የራሴ የሆነው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ እያልኩ ሳለ ናይሮቢ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ናንጃላ መጡ። ዕቃችንን የሚወስዱት እሳቸው ብቻ ናቸው። የተደረደረውን አዩና "ኧረ በፈጠራችሁ! ሱቄ ውስጥ ጉማሬ ከሰው በለጠ። ከዝናቡ በኋላ ስመለስ አይቼው የማላውቀውን አንድ ነገር አሳዩኝ። ካልሆነ መንገዱ ሩቅ ነው፣ እኔም ደክሞኛል" ብለው ሄዱ። ቤቱ ሁሉ ተጨነቀ። ሞሲዮማ ሦስት ቀን አሰበና ጉማሬው ላይ መነጽር ጠረበበት! ስቄ ልሞት። እሱ አኩርፎ እራቱን ሳይበላ ተኛ።

አባባ ግን ኩሩ ናቸው። ለክፉ ቀን ብለው ያስቀመጡትን ትልቁን ድንጋይ አወጡና ዝሆን፣ የዝሆን ሁሉ አባት ሊጠርቡ ተቀመጡ። እኔ ውሃ ተሸክሜ ሳልፍ በመዶሻ ቀስ ብለው ሲያንኳኩት ድምፁን ሰማሁና ክው አልኩ። ኩምቢው በሚሆንበት ቦታ ላይ ቀዩ መስመር በሰያፍ ያልፋል፣ እዚያ ጋ ከተመታ ይለቃል። እንደማየው ያህል አወቅኩት። ግን ምን ላድርግ? ምራት ለባሏ አባት ፊት ለፊት አትናገርም፣ ከእጁም አትቀበልም፣ እሱም አያናግራትም፣ ነውር ነው። ሮጬ ለእማማ ኬሙማ ነገርኳቸው። እሳቸው ባላቸውን ላለማስቆጣት አለሳለሱትና "ልጅቷ ድንጋዩ ያምራል እያለች ነው" አሏቸው። አባባም ደስ ብሏቸው መቱት። ኩምቢው ከነግማሽ ፊቱ መሬት ወደቀ።

አባባ የወደቀውን አይተው፣ አቧራቸውን አራግፈው ገቡ። እኔ ቆሽቴ አረረ። እሳቸው ስላልሰሙኝ አልነበረም፣ እኔ ስላልተናገርኩ ነው።

በማግስቱ ማንም ሳያየኝ በቀረው ድንጋይ ላይ ውሃ አፈሰስኩበት። ቀዩ መስመር ስብራቱን ተከትሎ ከታች እስከ ላይ ተጠማዞ ወጣ። ትንሽ ዝሆን አልኩ፣ አባረርኩት። ዓሣ አልኩ፣ አባረርኩት። ጭንቅላቴ ደረቀ። ሳፋዬ ጋ ተመለስኩና ሳሽ ቆየሁ። ድንገት ቀና ስል ያ ሽቅብ የተሳበ ስብራት ምን እንደሆነ አየሁት። ፍየሏ ናት! ሆዷን ሳብ፣ አንገቷን ጥምዝ አድርጋ ቅጠሉን ልትሰርቅ ስትንጠራራ! ቀዩ መስመር ደግሞ ጀርባዋ ላይ ከጭራዋ እስከ አንገቷ ይሄዳል።

እዚያው ሆኜ ሳለሁ አባባ መጥረቢያ ይዘው መጡ። ቆራርጠው የሳሙና ማስቀመጫ ሊያደርጉት ነው። መጥረቢያው ሽቅብ ተነሳ። ያኔ እኔ አይደለሁም የጮኸው፣ ሌላ ሰው ነው ብልሽ ይሻላል። "አባባ! አይንኩት! ፍየል አለችበት!" አልኩ። ምራት በባሏ አባት ላይ! እማማ ኬሙማ በትከሻ ልብሳቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሞሲዮማ "አበድሽ?" አለኝ። አባባ መጥረቢያውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና ወደ መንገዱ ወጡ። ያን ቀን ወደ አባትሽ ቤት ተመለሺ እባላለሁ ብዬ ልብሴን አጣጥፌ ነበር።

አመሻሽ ላይ ተመለሱ። ወደ እኔ አላዩም። ግቢው መሃል ቆመው የምትጭረውን ዶሮ ማናገር ጀመሩ። "አንቺ ዶሮ፣ ድንጋይ አውቃለሁ ትያለሽ አሉ። የእኛ ዝሆን ተሰብሯል። እስቲ ያንቺን ፍየል አውጫትና እንያት" አሏት። ዶሮዋ ሮጠች፣ እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ሞሲዮማ ነው እየሳቀ ቢላዋውን ያመጣልኝ።

ወዲያው መልካም ሆነ ብዬ አልዋሽሽም። ሞሲዮማ "ወደ ራስሽ አትሳቢ፣ ሆድሽን ትቀጃለሽ!" እያለ አስተማረኝ። እጄ ተላጠ። አንድ ጆሮዋን ሰበርኩና እንደገና ዝቅ አድርጌ ጀመርኩት። ሆዷ ነጭ ሆኖ ይወጣል ብዬ ስምል ከርሜ ሲረጥብ ትልቅ ጥቁር ነጥብ ዱብ አለበት። ሞሲዮማ "ምነው ጠንቋይት?" ሲለኝ "ሌባ አይደለች? የሰረቀችበት ምልክት ይሁንባት" አልኩትና ተውኩት። አሁንም እሳሳታለሁ እታለም። አንቺም ስትሳሳቺ ነው የምትማሪው። ነገ ጨርቁን ከመዘርጋትሽ በፊት የትኛው ጫፍ እንደሚያጥር ገምቺ። ያ ሰውዬ መቀሱንና ጨርቁን ነው የሚቆጣጠረው፣ ሰው ሲያልፍ ልብሱ የት ጋ እንደሚይዘው ከማየት የሚከለክልሽ የለም። የሚመጣልሽን የመጀመሪያ ሐሳብ አባርሪው፣ አትዘኚለት። ካልመጣልሽም አትደንግጪ። ጭንቅላት አልተሰጠኝም የሚለውን ነገር ግን ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ፣ እቆጣሻለሁ።

አሁን መጨረሻውን ልንገርሽ። ወይዘሮ ናንጃላ ባለፈው ማክሰኞ መጡ። ፍየሏን መጀመሪያ ዞረው አዩዋት። ቀጥሎ ሳቃቸውን ለቀቁት፣ ጎንበስ ብለው ምላሷን በጣታቸው ነኩ። "እንዲህ ያለች ሌባ እናቴ ቤት ነበረች" አሉ። "እወስዳታለሁ፣ ሌላም እንዲህ ያለ አምጡልኝ። ማነው የጠረባት? ከሥሯ ስሙን ጻፉልኝ" አሉ። ከዚህ ቤት የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ከሥሩ "ኦብዎቻ" ተብሎ ነው የሚጻፍበት። ሞሲዮማ ፍየሏን ገልብጦ በምስማር መጫር ጀመረ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሳፋዬን ማሸት ቀጠልኩ፣ ምን ልል እችላለሁ?

"ቆይ" የሚል ድምፅ ከዳሱ ጀርባ መጣ። አባባ ናቸው፣ እኔ እዚያ ስላለሁ አልቀረቡም። ይሄን ቤት ከገባሁ ጀምሮ አባባ ስሜን ጠርተው አያውቁም፣ ሁልጊዜ "የሞሲዮማ ቤት" ነኝ። "እኔ ዕድሜ ልኬን ያላየሁትን ዝሆን ስጠርብ ኖርኩ" አሉ። "ይቺን ያያት ሰው ስም ይጻፍ። ጌሳሬ በል።" ሞሲዮማ የሰማውን አላመነም መሰለኝ፣ ምስማሩን እንደያዘ ቀረ። አባባም ጮክ ብለው፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ "ጌሳሬ! ጌሳሬ ብለህ ጻፍ አልኩህ!" አሉት።

እማማ ኬሙማ ጉልበትሽን በትኩስ ውሃ ታሺው፣ ቸልም አትበይው ብለውሻል። ሞሲዮማ እጅ ነስቷል፣ መነጽር ያደረገው ጉማሬ እዚያ የሚገዛው ሰው ካለ ጠይቂልኝ ይላል። ሴት ልጄ ሞኬይራ ትስምሻለች፣ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ነው። አባባም ሰላምታ ልከውልሻል፤ ሰላምታውን የላኩት በእኔው በኩል ነው፣ ስሜን ጠርተው። እግዚአብሔር ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፣ እጅሽን ይባርክልሽ።

ሁልጊዜ የምትናፍቅሽ እህትሽ
ጌሳሬ

ታባካ፣ ኪሲ
ሰኔ 14 ቀን 2018